አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ፦ የአንድ የግል መምህር የሕይወት መነሻና የማስተማር ስልት

አኅጽሮተ ጥናት

አባ ጎርጎርዮስ (1595 ገደማ–1658) በኢትዮጵያ ጥናት ታሪክ በአብዛኛው የሚታወቁት የጀርመናዊው ሊቅ የሂዮብ ሉዶልፍ መረጃ አቀባይ በመሆን ነው። ይህ አጭር ጥናት የሕይወታቸውን ጉዞ ከመካነ ሥላሴ እስከ ሮም፣ ከሮም እስከ ጎታ ይከተላል፤ ሥራቸውንም እንደ መምህርነት ይመረምራል። ጥናቱ ሦስት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ የሰጡት ዋናው ነገር በጽሑፍ የማይገኘው የንባብና የአነጋገር እውቀት ነበር። ሁለተኛ፣ ንባብን በማስቀደም፣ በሚማሩት ቋንቋ በመነጋገርና ደብዳቤ በመጻጻፍ የተከናወነው ትምህርት ከኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ሥርዐት ጋር ይቀራረባል። ሦስተኛ፣ መረጃ አቀባይ የሚለው መጠሪያ ይህን አስተዋፅኦ በተሟላ መልኩ አይገልጽም። በጥናቱ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተብሎ የሚጠራው ሂዮብ (ኢዮብ) ሉዶልፍ በ1624 በጀርመን ኤርፉርት ከተማ ተወልዶ በ1704 በፍራንክፈርት ዐረፈ። የግእዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው፣ የኢትዮጵያ ታሪክና የታሪኩ ማብራሪያ፣ እንዲሁም የመጀመሪያዎቹ የታተሙ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የእሱ ሥራዎች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው አውግስጦስ ዲልማን በ1857 የግእዝ ሰዋስውን፣ በ1865 ደግሞ መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም የተነሣው ሉዶልፍ ከጣለው መሠረት ነው።

ስለ ሉዶልፍ የተጻፉ ጥናቶች አባ ጎርጎርዮስን ሳይጠቅሱ አያልፉም፤ አጠቃቀሳቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ሊቁ ጠያቂና አደራጅ፣ ኢትዮጵያዊው ደግሞ ለተጠየቁት መልስ የሚሰጡ መረጃ አቀባይ ሆነው ይቀርባሉ። በሁለቱ መጠሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት የቃል ብቻ አይደለም። መረጃ አቀባይ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው፤ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚወስነው አጥኚው ነው። መምህር ግን ተማሪው የጎደለውን ለይቶ ያውቃል፣ የሚቀድመውንና የሚከተለውን ይወስናል፣ ያርማል፣ ተማሪው ራሱን ችሎ እስኪቆም ድረስም ኀላፊነት ይሸከማል። የዚህ ጥናት ጥያቄ አባ ጎርጎርዮስ ከሁለቱ የትኛውን ነበሩ የሚል ነው።

ጥያቄውን ለመመለስ የሚያስችለው ዋናው ማስረጃ የተማሪው ቃል ነው። ሉዶልፍ በ1691 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ማብራሪያ ከመምህሩ ጋር የተገናኘበትንና የተማረበትን ሁኔታ በዝርዝር ተርኳል። ሁለቱ የተጻጻፏቸውን የግእዝ ደብዳቤዎችም ዮሐንስ ፍሌሚንግ በ1890ና በ1891 ለኅትመት አብቅቷቸዋል።

2. ከመካነ ሥላሴ እስከ ሮም

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በአማራ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ አካባቢ በነበረችው መካነ ሥላሴ ነው። ቤተሰባቸው ከመኳንንት ወገን ነበር። መካነ ሥላሴ ተራ የገጠር ደብር አልነበረችም። ዐፄ ናዖድ የጀመሯትና ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሟት፣ በወርቅ ጌጧ የታወቀች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠለች። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከዚህ ጥፋት ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ ነው። የትውልድ ስፍራቸው መጻሕፍትና ሊቃውንት እንደ ሕንፃ ሊጠፉ እንደሚችሉ፣ የተረፈውም ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል እንደሚሻገር የሚመሰክር ስፍራ ነበር።

ያደጉበት ሥርዐተ ትምህርት ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ ንባብ ይጀምራል። ንባቡም ግእዝ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እየተባለ በየደረጃው ይጠናል። ከዚያ ዳዊት ይደገማል፤ ቀጥሎ እንደ ዝንባሌው ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔ ወይም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይሄዳል። በዚህ ሥርዐት ማንበብ ማለት ፊደሉን ለይቶ መጥራት ብቻ አይደለም። ቃሉ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ ወይም ተጣይ መሆኑን ለይቶ፣ የሚጠብቀውን አጥብቆ የሚላላውን አላልቶ ማሰማት ነው። ይህም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመምህር አፍ የሚወሰድ በመሆኑ ተማሪው በመምህሩ ፊት ቆሞ ያነባል፣ ይታረማል፣ መልሶ ያነባል።

የአባ ጎርጎርዮስ የጎልማሳነት ዘመን ኢትዮጵያ በሃይማኖት የተናወጠችበት ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ወደ አገሪቱ ገባ፤ በ1626 ንጉሠ ነገሥቱ ለሮም ያላቸውን ታዛዥነት በይፋ ገለጹ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀደመው እምነት ተመለሰ፣ ዐፄ ፋሲለደስም ነገሡ። ኢየሱሳውያኑ ከአገር ሲባረሩ ከእነሱ ጋር የቆሙት ኢትዮጵያውያን ዕጣ ስደት ሆነ። የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት አባ ጎርጎርዮስም በመጨረሻ ሮም ደረሱ፤ በቫቲካን በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ገዳምም ተቀመጡ። ወደ ማስተማር ያደረሳቸው መንገድ የተከፈተው በዚህ ስደት ነው።

3. በሮም የቀደሟቸው ኢትዮጵያውያን መምህራን

የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። አውሮፓውያን ግእዝን የተማሩትም በዚያ በነበሩ መነኮሳት አማካይነት ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል በሮም ሲያሳትም የተማረው ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነበር። በ1548ና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳን የታተመው በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም ነው። ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 ያወጣው የመጀመሪያው የግእዝ ሰዋስው መጽሐፍም ከአባ ተስፋ ጽዮን የተማረው ውጤት ነው። በ1638 ደግሞ የቀርሜሎሳዊው መነኩሴ የያዕቆብ ዌመርስ መዝገበ ቃላት በሮም ታተመ።

ከነዚህ መጻሕፍት ሁለት ነገር እንረዳለን። የመጀመሪያው በኅትመቶቹ ጀርባ የኢትዮጵያዊ መምህር ድምፅ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ድምፁ ወደ መጽሐፍ ሲገባ ብዙ ነገር መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ፖትከን የተማረውን ቋንቋ ከለዳዊ ብሎ ሰይሞታል፤ ቪቶሪም በመጽሐፉ ርእስ ይህንኑ ስሕተት ደግሞታል። መምህሩ አጠገባቸው ሳለ የቋንቋውን ስም እንኳ ማቃናት ያልተቻለው፣ ትምህርቱ አጭር ስለነበረና ወደ ውይይት ስላልደረሰ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። የአባ ጎርጎርዮስ ትምህርት ከቀደሙት የሚለየው በዚህ ነጥብ ነው።

4. የ1649 ትምህርት፦ ንባብ፣ ሣቅና ውይይት

ሉዶልፍ ወደ ሮም የመጣው ግእዝ ለመማር አልነበረም። በፓሪስ የነበረው የስዊድን አምባሳደር የልከው ለአገሩ ታሪክ የሚያስፈልጉ ጽሑፎችን በሮም ፈልጎ እንዲያመጣ ነበር። ይሁን እንጂ ገና በወጣትነቱ በኤርፉርት በእጁ በገቡት ጥቂት መጻሕፍት ግእዝን ያለ መምህር ሲያጠና ቆይቶ ስለነበር፣ በከተማው ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን ሲሰማ ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄደ። ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ ከኀምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

በሉዶልፍ ትረካ መሠረት፣ ግእዝ መማር እንደሚፈልግ ሲገልጽ ያገኘው የመጀመሪያ መልስ የሚያበረታታ አልነበረም። ኢትዮጵያውያኑ ይህ ትምህርት ብዙ ድካምና ረጅም ዘመን የሚጠይቅ በመሆኑ ከኢትዮጵያ ውጭ ሊሆን እንደማይችል ነገሩት። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ በጣም የተማሩ ሰው እንዳሉ፣ ነገር ግን ላቲንም ጣልያንኛም እንደማያውቁ አከሉለት። ሉዶልፍ ለጥያቄዎቹ መልስ ቢያገኝ ብቻ እንደሚበቃው ገልጾ ለመናቸው። አባ ጎርጎርዮስም ወዲያው ጥያቄ ከመቀበል ይልቅ በብራና የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ አምጥተው እንዲያነብ ሰጡት።

ሉዶልፍ ማንበብ ሲጀምር በዙሪያው የነበሩት ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ አባ ጎርጎርዮስ፣ ሣቁበት። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሣቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ለኢየሱሳውያን ካህናት እንኳ ከባድ የነበረውን ቋንቋ አንድ ሰው ያለ መምህር እዚህ ደረጃ ማድረሱን ለማመን ተቸገሩ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ አስቂኝ ገጠመኝ ይነገራል። ከማስተማር ስልት አንጻር ሲታይ ግን ተማሪውን የመመዘን ተግባር ነው። አባ ጎርጎርዮስ ያደረጉት ማንኛውም የአብነት መምህር አዲስ ተማሪ ሲመጣ የሚያደርገውን ነው፤ መጽሐፍ ሰጥቶ ማስነበብ። በዚህ አንድ ምዘና የተማሪው ችግር ወዲያው ተገለጠ። ሉዶልፍ ትርጉም ያውቃል፣ ንባብ አያውቅም። በአገሩ ሥርዐት ንባብ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ትርጓሜ የመጨረሻው ነው፤ ይህ ተማሪ ግን ጉዞውን ከመጨረሻው ጀምሮታል።

ለምን እንደዚያ እንዳነበበ መረዳት አያስቸግርም፤ የግእዝ ጽሕፈት አንባቢው አስቀድሞ ያውቃቸዋል ብሎ የሚተዋቸው ነገሮች አሉትና። ሳድስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ይዞ፣ አንዳንድ ጊዜ ያለ ድምፅ ይነበባል። ንጉሥ በሚለው ቃል መነሻው ን አናባቢ አለው፣ መድረሻው ሥ ግን የለውም፤ ሁለቱም ሳድስ ናቸው። መጥበቅና መላላትም በፊደሉ ላይ አይታዩም። ቀተለና ቀደሰ በጽሕፈት አንድ ዓይነት አቋም አላቸው፤ በንባብ ግን የቀደሰ ደ ይጠብቃል፣ የቀተለ ተ ይላላል። የአገራችን ሰዋስው ሁለቱን በአርእስተ ግሥነት ለይቶ የሚያስቀምጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ጠ፣ ቀና ጸ ያሉ ድምፆችም በላቲን ፊደል ምትክ የላቸውም። እነዚህን ሁሉ መጽሐፍ ብቻውን ሊያስተምር አይችልም። አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ የሰጡት የመጀመሪያው ነገር ይህ የማይጻፈው እውቀት ነበር።

ሁለተኛው የስልታቸው መለያ የመነጋገሪያ ቋንቋው ነው። መጀመሪያ ላይ በመካከላቸው አስተርጓሚ ነበር፤ ከፖርቱጋላዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው አንቶኒዮ ደ አንድራዴ። ውሎ አድሮ ግን መምህርና ተማሪ አስተርጓሚውን ትተው በግእዝ መነጋገር ጀመሩ። ይህ ለሁለቱም አዲስ ነበር። ግእዝ በኢትዮጵያ የመጽሐፍ፣ የጸሎትና የቅኔ ቋንቋ እንጂ የዕለት ንግግር ቋንቋ አልነበረም። ያም ሆኖ ባለቅኔ በራሱ ሐሳብ አዲስ የግእዝ ቃል ማሰማት የሚለማመድበት ባህል ስላለ፣ ቋንቋውን ለንግግር ማዋል ለኢትዮጵያዊ ሊቅ የማይደረስበት አልነበረም። ለሉዶልፍ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን በግእዝ አቀናብሮ ማቅረብ ግዴታ ሆነበት። እያንዳንዱ ጥያቄ በዚያው ልክ መልመጃ ሆነ፤ እያንዳንዱ መልስም ምሳሌ።

ሦስተኛው መለያ ቋንቋን ከቋንቋ መለየት ነው። ሉዶልፍ በመጽሐፍ ያጠናው ቋንቋ ሕዝቡ የሚነጋገርበት እንዳልሆነ የተረዳውና ወደ አማርኛ የተመራው በአባ ጎርጎርዮስ ነው። ግእዝ ልሳነ መጽሐፍ፣ አማርኛ ልሳነ ንጉሥ መባላቸው በሉዶልፍ የታሪክ መጽሐፍ ሰፍሯል። ፖትከን የቋንቋውን ስም እንኳ አሳስቶ ከቀረ ከ136 ዓመት በኋላ፣ አንድ አውሮፓዊ በአንድ አገር ሁለት ቋንቋዎች የየራሳቸው ሥራና ክብር እንዳላቸው ተገነዘበ። አማርኛ ላይም ችግሩ ያው ነበር። አለ የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖሩን ማመልከቱን ከጽሕፈቱ ማንም ሊለይ አይችልም።

5. ትምህርት በደብዳቤ

ሉዶልፍ ከሮም ሲለይ ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ በደብዳቤ ቀጠለ። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት በግእዝ ነበር። በዚያ ዘመን በአልፕስ ተራሮች ሰሜንና ደቡብ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ለግል ጉዳያቸው በግእዝ ሲጻጻፉ ማየት ያልተለመደ ነገር ነው።

ደብዳቤዎቹን እንደ ወዳጅነት መግለጫ ብቻ መመልከት ይቻላል፤ ወዳጅነቱም እውነተኛ ነበር። ከትምህርት አንጻር ግን ሌላ ፋይዳ አላቸው። በሮም በንባብና በንግግር የተጀመረው ትምህርት እዚህ ወደ ጽሕፈት ተሸጋገረ። ተማሪው የራሱን ሐሳብ በግእዝ ያዋቅራል፤ መምህሩ በሚልኩት መልስ ውስጥ የአንድ ባለሞያ ጸሐፊ አጻጻፍ ምን እንደሚመስል ያያል። ከሰላምታው አቀራረብ እስከ ስንብቱ ድረስ ያለው የደብዳቤ ሥርዐት በየትኛውም የአውሮፓ የግእዝ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ ነበር። በዚህ መልኩ ማንበብ፣ መናገርና መጻፍ ተራቸውን ጠብቀው በአንድ መምህር እጅ ተሟሉ።

6. ጎታ፣ 1652

በ1652 ሉዶልፍ በጎታ በመስፍን ኤርነስት ቤት የመሳፍንቱ ልጆች አስተማሪ ሆኖ ያገለግል ነበር። የእሱን ሥራ የሰሙት መስፍን አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛታቸው ጋበዙ፤ ሊቁም በዚያው ዓመት በጋ ከሮም ወደ ጀርመን ተጓዙ።

ግብዣው የመጣበት ቤት ለትምህርት ትልቅ ስፍራ የሚሰጥ ነበር። አገሪቱ ከሠላሳ ዓመቱ ጦርነት (1618–1648) ገና ማገገሟ ነበር። መስፍን ኤርነስት ጦርነቱ ሳያበቃ በ1642 በመምህሩ አንድሬያስ ራይየር የተዘጋጀ የትምህርት ቤት ደንብ አውጥተው የገበሬ ልጆች ጭምር እንዲማሩ አድርገዋል። ከ1643 ጀምሮ የፍሪደንሽታይንን ቤተ መንግሥት እያሠሩ ነበር። ሉተራዊው መስፍን ኢትዮጵያን ለማወቅ የፈለጉበት ሃይማኖታዊ ምክንያትም ነበራቸው። ከሮም ሥልጣን ውጭ የኖረች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምታምን ማወቅ በዚያ ዘመን ለፕሮቴስታንቶች ትልቅ ጉዳይ ነበር።

በጎታ አባ ጎርጎርዮስ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነትና ሥርዐት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አገሩ አቀማመጥና ስለ ሕዝቡ ኑሮ ተጠየቁ። በግእዝ የሰጡትን መልስ ለመስፍኑና ለአማካሪዎቻቸው የሚተረጉመው ሉዶልፍ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሲያነብ የተሣቀበት ተማሪ፣ አሁን በመምህሩና በአንድ ቤተ መንግሥት መካከል ቆሞ ሥነ መለኮታዊ ውይይት ሲተረጉም ይታያል። በየትኛውም ሥርዐት ከዚህ የጠነከረ ፈተና ለአንድ ተማሪ አይሰጥም። የአማርኛው ትምህርት የጠለቀውም በዚሁ ቆይታ ነው። ሉዶልፍ ከመምህሩ የሰማቸውን የአማርኛ ቃላትና አገባቦች እየመዘገበ ለወደፊቱ መጽሐፉ መነሻ አከማቸ።

የአባ ጎርጎርዮስ ቃል ሌላም ጥቅም ሰጠ። በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረው በተረት የተሞላ ነበር፤ በ1610 የታተመው የሉዊስ ደ ኡሬታ መጽሐፍ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሉዶልፍ በ1681 ላሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ሁለት ዐበይት ምንጮች ነበሩት፤ በ1660 የወጣው የፖርቱጋላዊው የባልታሳር ቴሌስ መጽሐፍና የአባ ጎርጎርዮስ ምስክርነት። አንዱን በሌላው እየመዘነ በመጻፉ መጽሐፉ ተረቱን ከእውነቱ የመለየት ዐቅም አገኘ።

7. ሞትና የተማሪው ዕዳ

በመከር ወራት ከጎታ የተሰናበቱት አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጣልያን ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ለመመለስ ጉዞ ጀመሩ። በ1658 ግን በሶርያ ዳርቻ በእስክንድሮና አካባቢ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጥመው ሞቱ። ከመካነ ሥላሴ የተጀመረው ጉዞ ወደ መነሻው ሳይመለስ ቀረ።

ሉዶልፍ ያን ጊዜ ከሥራዎቹ አንዱንም አላሳተመም ነበር። የግእዝ መዝገበ ቃላቱና ሰዋስው በ1661 በለንደን በተማሪው በቫንስሌቢን አማካይነት ወጡ፤ ኅትመቱ ግን ስሕተት ስለበዛበት ሉዶልፍ አልተደሰተበትም። በ1663 መስፍን ኤርነስት ይኸንኑ ቫንስሌቢንን ወደ ኢትዮጵያ ላኩት፤ እሱም ከግብጽ አላለፈም። መንገዱን የሚያውቁትና ቋንቋውን ከልጅነት የተካኑት ሰው በሌሉበት፣ ጎታንና ኢትዮጵያን የማገናኘቱ ሐሳብ ሳይሳካ ቀረ።

ተማሪው ግን ዕዳውን አልዘነጋም። በ1691ዱ ማብራሪያ የመምህሩን ታሪክ ከመተረክ አልፎ መልካቸውን በሥዕል አስቀርጾ አሳተመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት ታተሙ፤ በሰዋስው መጽሐፉም አባ ጎርጎርዮስ ከሉቃስ ወንጌል ወደ አማርኛ የመለሱት አጭር ክፍል ተካተተ። በዚያን ጊዜ ሉዶልፍ 74 ዓመቱ ነበር፤ መምህሩ ካረፉም 40 ዓመት አልፏል። በ1699 የታረመው የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ በ1702 የታረመው የግእዝ ሰዋስው ተከተሉ። አንድ ተማሪ በጥቂት ወራት የፊት ለፊት ትምህርትና በደብዳቤ የቀሰመውን ለግማሽ ምእተ ዓመት ይዞ፣ እያብላላ፣ በእርጅናው ለኅትመት ማብቃቱ ስለ ትምህርቱ ጥራት የሚናገረው ብዙ ነው።

8. ውይይት

ከላይ የቀረበው ሲጠቃለል የአባ ጎርጎርዮስ ስልት አራት ገጽታዎች አሉት። ተማሪውን በማስነበብ መዝነው ጉድለቱን ለዩ። መነጋገሪያው ራሱ የሚማሩት ቋንቋ እንዲሆን መንገድ ከፈቱ። ከንባብ ወደ ንግግር፣ ከንግግር ወደ ጽሕፈት አሸጋገሩት። የመጽሐፉን ቋንቋ ከሕዝቡ ቋንቋ ለይተው ሁለቱንም አስያዙት። ከነዚህ አንዱም ጥያቄ ሲቀርብለት ብቻ የሚመልስ ሰው ሥራ አይደለም።

ይህን ማለት የሉዶልፍን ድርሻ ማሳነስ አይደለም። ቃላቱን በየሥራቸው መደርደር፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር ማነጻጸር፣ ሰዋስውን በላቲን ሥርዐት ማዋቀር የእሱ ነው። ሉዶልፍ መምህሩን አልሰወራቸውም፤ ስማቸውን፣ ታሪካቸውንና ሥዕላቸውን ለትውልድ ያቆየው እሱ ነው። መምህሩን ወደ መረጃ አቀባይነት ዝቅ ያደረጋቸው ከእሱ በኋላ የመጣው የአጠቃቀስ ልማድ ነው።

ልማዱ በእሳቸው አላበቃም። በ1901 የኢግናጽዮ ጉዊዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በሮም ሲወጣ ከጀርባው ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። በ1905 አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ወደ በርሊን ተጉዘው በዚያ አማርኛና ግእዝ አስተምረዋል። ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል እስከ አለቃ ታየ ያለውን አንድ ሰንሰለት አድርገን ብናየው፣ የኢትዮጵያ ጥናት በአውሮፓ ታሪክ የመጻሕፍትና የደራስያን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመምህራንና የማስተማር ስልት ታሪክም ይሆናል።

9. መደምደሚያ

አባ ጎርጎርዮስ በስማቸው የታተመ ሰዋስው ወይም መዝገበ ቃላት አላወጡም። ሥራቸው በተማሪያቸው ውስጥ ነበር፤ የሚመዘነውም ሉዶልፍ በ1649 ሲያነብ ከነበረበትና በ1698 ከደረሰበት መካከል ባለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት በመረጃ ክምችት ብቻ የሚሞላ አይደለም።

ለዛሬ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አይደለም። በቋንቋ፣ በፎክሎርና በፊሎሎጂ ጥናቶቻችን የቅኔ መምህራን፣ የመጻሕፍት ሊቃውንትና የብራና አዋቂዎች ንባብ ያርሙልናል፣ አገባብ ይገልጹልናል፣ የጥያቄያችንንም አቅጣጫ ያቃናሉ። በጽሑፋችን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በመረጃ አቀባይ ዝርዝር ውስጥ በተራ ቁጥር ይቀመጣሉ። በጥናት ስልት ምዕራፍ ውስጥ ማን ምን እንዳስተማረን፣ እንዴት እንዳስተማረንና የትኛው ድምዳሜያችን በማን እርማት እንደተቃና ለይቶ መጻፍ የውለታ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የማስረጃ ጉዳይ ነው። አንባቢ የአንድን ንባብ ወይም ትርጓሜ ክብደት የሚመዝነው ከየትኛው ጉባኤ ቤትና ከየትኛው መምህር እንደመጣ ሲያውቅ ነው። ሉዶልፍ ይህን በ1691 አድርጎታል። በፍሌሚንግ የታተሙትን የግእዝ ደብዳቤዎች ከመምህርነት አንጻር እንደገና ማንበብም ይህ ጥናት ለቀጣይ ተመራማሪዎች የሚጠቁመው ሥራ ነው።